ምስጋናውን ተማሪዎቻቸው ሰጥተዋል፤ የአገልግሎት ዘመናቸውን እናንተ ስጡ

ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የጡረተኛ መምህራንን የአገልግሎት ማስረጃ እና የምስጋና ዝግጅትን የሚከለክለውን ሰርኩላር ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፣ ሰላምታችን ይድረስዎ።

እኛ በወረዳው ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አንዳንዶቹም በሞት የተለዩን መምህራን ልጆችና የትዳር አጋሮች ነን። በሰኔ ወር ከጽሕፈት ቤትዎ ለርእሳነ መምህራን የተላለፈውን ሰርኩላር አንብበነዋል። ለእኛ የላከልን የለም፤ በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነው ያየነው። የቀድሞ ተማሪዎች መምህሮቻቸውን የሚያመሰግኑበት ዝግጅት ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ በትምህርት ቤት ግቢ እንዳይካሄድ፣ የሚመሰገነውን መምህር ጽሕፈት ቤቱ የሚያቋቁመው ኮሚቴ እንዲመርጥ፣ ስጦታ ካለም በጽሕፈት ቤቱ በኩል እንዲሰጥ ያዛል። ምክንያቱ «ወጥ አሠራር ለመዘርጋት» ነው ይላል።

ትእዛዙ የወጣው የእኔ የደብዳቤው አርቃቂ አባት፣ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር፣ በቀድሞ ተማሪዎቻቸው በተመሰገኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ ሰው ሁሉ ከዚያ ጋር አያይዞታል። «ምን አጥፍታችሁ ነው?» ብሎ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የጠየቀን አለ። ስለዚህ አስቀድመን የሆነውን እንንገርዎ። ጽሕፈት ቤትዎ ተወካይ ልኮ ነበርና የሚያውቁት ሊመስልዎ ይችላል። ተወካዩ ግን ንግግር አድርገው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ስብሰባ አለብኝ ብለው ስለሄዱ ዋናው ነገር አምልጧቸዋል።

ዝግጅቱን ያሰናዳው ዛሬ ሐኪም የሆነ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። አባቴ ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩት በ1971 ዓ.ም. ሲሆን ትምህርት ቤቱም ያኔ መኪና የማይገባበት የገጠር ቀበሌ ውስጥ ነበር። ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ የክፍል ጓደኞቹን በስልክ አፈላልጎ፣ አባቴ ጡረታ ከወጡበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ጋር ተነጋግሮ ግቢው ውስጥ ድንኳን አስተከለ። ከመንግሥት በጀት አንድ ብር አልተጠየቀም። ወጡን የሠሩት የሰፈራችን ሴቶች ናቸው፤ ወንበሩ የእድራችን ነው።

አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ሐኪሙ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ነጋዴው ተነሣ፤ የከባድ መኪና ሾፌሩ ተነሣ፤ የልጅ ልጅ ያዩ ሴቶች ተነሡ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የክብር እንግዶችም ግራ እየተጋቡ ተነሡ። አባቴ ዙሪያውን አዩና እጃቸውን ወደ ታች ዝቅ አድርገው «ቁጭ በሉ» አሉ። አስበው ያሉት አይደለም፤ የልማድ ነው። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እናቴ ደግሞ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን መጥረግ ጀመሩ። ዱባይ ያለችው እኅቴ በኢሞ ትከታተል ስለነበር ስልኩን የያዘው የጎረቤት ልጅ ቀኑን ሙሉ «ወደ አባባ አዙረው!» ሲባል ዋለ።

ክቡር ኃላፊ፣ የመምህር ልጅ ሆኖ ማደግ ምን እንደሆነ ላላደገበት ማስረዳት ያስቸግራል። ደመወዝ ወር ሳይሞላ ያልቃል፤ ሱቅ በዱቤ ይኬዳል፤ እንደዚያም ሆኖ በሰፈሩ «የመምህሩ ልጅ» ስለሆንክ ጫማህ ቢቀደድም ምግባርህ እንዲቀደድ አይፈቀድልህም። ማታ ፋኖሱ የደብተር ማረሚያ ነው። ክፍል ውስጥ «አባባ» ማለት ክልክል ነበር፤ እንደ ሌላው ልጅ እጃችንን አውጥተን «ቲቸር» ነበር የምንለው። አንዳንዴ ያን ሁሉ ደብተር የቀናንበት ጊዜ አለ። ማታ ማታ ከእኛ ላይ እየተቀነሰ ለሰው ልጅ የተሰጠው ጊዜ የት እንደደረሰ ያየነው በዚያ ድንኳን ውስጥ ነው። ካባ ሲደረብላቸው የተሰማንን ኩራት ለማሳነስ አይደለም ይህን የምንጽፈው፤ ኩራታችን የራሳችን ነው፤ ማንም አይቀንሰውም።

ወደ ቅሬታችን የሚያደርሰን ከካባው ቀጥሎ የሆነው ነው።

ሐኪሙ ረጅም ንግግር አላደረገም። ከኮቱ የውስጥ ኪስ በላስቲክ የታሸገ የሦስተኛ ክፍል ካርዱን አወጣ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ መሐሉ ላይ ታጥፎ የኖረበት መስመር ሊቀደድ ደርሷል። ማርኩ በሰማያዊ ቀለም በጥንቃቄ ተሞልቷል። ደረጃው ከ52 ተማሪ 11ኛ ነው። አስተያየት በሚለው ቦታ «ጠባዩ መልካም ነው፤ ሒሳብ ላይ ይበርታ» ተብሏል። ሥሩ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ከሚለው አጠገብ የአባቴ ሙሉ ስምና ፊርማ፣ ጎኑ የትምህርት ቤቱ ክብ ማኅተም፣ ቀኑ ሰኔ 1971 ዓ.ም.። «ሒሳብ ላይ ይበርታ» የሚለውን ጮክ ብሎ ሲያነበው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቁም። ካርዱን ተቀብለው ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ፊርማቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

ለምን እንደዚያ እንዳዩት የምናውቀው ቤተሰቦቻቸው ነን። በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ መሠረት አባቴ በ1971 ዓ.ም. መምህር አልነበሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በመስከረም 1970 ዓ.ም. ተቀጠሩ። ስድሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ የወጡት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ይህ 38 ዓመት ነው። ጡረታቸው ሲሠራ ግን የተያዘላቸው 34 ዓመት ብቻ ሆነ። ከ1970 እስከ 1973 ያለው አራት ዓመት «ማኅደሩ ውስጥ ማስረጃ የለም» ተብሎ ተቆረጠ። በዚያ ዘመን የመምህራን ማኅደር የሚቀመጠው በአውራጃ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አውራጃ ቀርቶ ዞንና ወረዳ ሲተካ ማኅደሮቹ በመኪና እየተጫኑ ተከፋፈሉ፤ ብዙው ደረሰ፤ የቀረውም ቀረ። የቅጥር ደብዳቤውንና የመጀመሪያውን ምደባ የያዘው የአባቴ ማኅደር ከቀሩት አንዱ መሆኑ ነው። ጠባቂው መሥሪያ ቤት ነበር፤ ለመጥፋቱ የሚከፍሉት ግን እሳቸው ናቸው።

ስሌቱን እንደ ሒሳብ መምህር ልጅ ላስቀምጠው። ጡረታ በወጡበት ጊዜ ይሠራ በነበረው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 34 ዓመት 60 በመቶ ያስገኛል፤ 38 ዓመት ደግሞ 65 በመቶ። ልዩነቱ ከአማካይ ደመወዛቸው መቶ ብር ላይ 5 ብር ነው። በወር ሲያዩት ትንሽ ሊመስልዎ ይችላል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ የጎደለ መሆኑን ይጨምሩበት። እንዲሁም በሕጉ የሟች ባል ወይም ሚስት የሚያገኙት የሟቹን አበል ግማሽ ስለሆነ ጉድለቱ ከአባቴ በኋላ እናቴንም ይከተላቸዋል።

ገንዘቡ ብቻም አይደለም። አገሪቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ያወጀችው በ1971 ዓ.ም. ነው። አባቴ በዚያ ቀበሌ ቀን ልጆችን፣ ማታ ወላጆቻቸውን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ዘመቻው ኋላ ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል፤ እስከ ዛሬም በየንግግሩ እንጠቅሰዋለን። ሽልማቱ ለአገሪቱ ተመዝግቧል፤ ያን ያስተማሩት ሰው ግን በዚያ ዓመት ሥራ ላይ እንደነበሩ አይታወቅም ይባላሉ።

ከዝግጅቱ በኋላ ሐኪሙ ራሱ «እንግዲህ ይህ ማስረጃ ከሆነ ውሰዱት» ብሎ ዋናውን ካርድ ሰጠን፤ ኮፒው ይበቃኛል አለ። የክፍል ጓደኞቹም ካርድ ያለው ካርዱን፣ የሌለው ምስክርነቱን አቀረበ። ይዘን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣን። የተሰጠን መልስ በቃል ነበር፤ «ካርድ የተማሪ ማስረጃ እንጂ የመምህር ማስረጃ አይደለም» የሚል። በጽሑፍ ይሰጠን ብንል አልተቻለም።

ይህን መልስ እናክብረው ብንል እንኳ ከራሱ ከጽሕፈት ቤቱ አሠራር ጋር ይጋጫል። ሰርተፊኬት የጠፋበት ሰው ሲመጣ የሚደረገው ምንድን ነው? የድሮው ሮስተር ይወጣል፤ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ፊርማና የትምህርት ቤቱ ማኅተም ይታያል፤ ተማሪው በዚያ ዓመት በዚያ ክፍል መማሩ ይጻፍለታል። አባቴ በ1971 የፈረሙበት ወረቀት ተማሪው መማሩን የሚያረጋግጥ ከሆነ፣ የፈረሙት ሰው እዚያ ቆመው ማስተማራቸውን እንዴት ሳያረጋግጥ ይቀራል? ልጁ በዚያ ክፍል ማን አስተማረው ሊባል ነው?

በዚህ አጋጣሚ ለአንድ ሠራተኛችሁ ምስጋና አለብን። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ቁልፍ ይዛ መጋዘኑን ከፍታልናለች። እዚያ ያየነውን እርስዎም ሄደው ቢያዩት ይሻላል። የሰባዎቹና የስልሳዎቹ ሮስተር፣ የደመወዝ መክፈያ ፔሮል፣ የምደባ ደብዳቤ በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ፣ አፉ በሲባጎ ታስሮ፣ ከተሰባበረ ዴስክ ሥር ተደርድሯል። ጣራው የሚያፈስበት ጥግ ላይ ያሉት ጆንያዎች ከሥር በስብሰዋል። አንዱን ስትፈታው አይጥ የበላው ወረቀት እንደ ገለባ ፈሰሰ። እሷም አፍራ «እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር» አለች። በጆንያዎቹ ውስጥ ያለው የተማሪና የመምህር ዕድሜ ነው። የአባቴ የ1970 ፔሮል ከነዚያ በአንዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ማንም አልፈለገውምና «የለም» ሊባል አይገባም ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ አንደኛ ክፍል ፊደል ሲያስቆጥሩ የኖሩ መምህርት ናቸው። በዚህ ከተማ የተወለደ ሰው በአብዛኛው «ሀ» ያለው እሳቸው ፊት ነው፤ ምናልባት የእርስዎም ሠራተኞች። የደረጃ ዕድገት ደብዳቤያቸው ደርሷቸው የመሪ መምህርነት ደመወዝ መከፈል የጀመረው ግን ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። በመሐል ያለው ውዝፍ «በጀት ሲለቀቅ» ተባለ። በጀት ዓመት ተዘጋ፤ ሌላ ተከፈተ፤ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። በጥር ወር ዐረፉ። ልጃቸው ከእኛ ጋር ፈርማለች። የምትለውን እንዳለ እናስቀምጠው፦ «እናቴ በሕይወት እያለች ውዝፏን ለመጠየቅ ስሄድ ስሟን በፊደል እየቆጠርኩ ነበር የማጽፋቸው። የቀብሩ ዋዜማ ማታ ግን ከቢሮው ተደውሎ አጭር የሕይወት ታሪኳን ላኪልን ተባልኩ፤ ቀብር ላይ የሚያነቡት ነበር። ላክሁ። በሚገባ አነበቡት። ለአገሯ የከፈለችው መሥዋዕትነት አይረሳም ተባለ።» ውዝፉ እስከ ዛሬ አልተከፈለም። ወራሽ መሆኗን የሚያሳየው የፍርድ ቤት ወረቀት ግን ተቀብላችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጣችኋል።

ሌላም አለ፤ በአጭሩ እናልፈዋለን። የቀድሞ የስፖርት መምህር ሠላሳ ዓመት ባስተማሩበት ትምህርት ቤት በር ላይ በጥበቃ ተመልሰዋል፤ የጡረታ መታወቂያቸው «ለዚህ አይሆንም» ተብሏል። በአንድ ትምህርት ቤት ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎች መጽሐፍ ሰብስበው፣ መደርደሪያ አሠርተው፣ ቤተ መጻሕፍቱን በኬሚስትሪ መምህራቸው ስም ሊሰይሙ ሰሌዳ ሰቀሉ። ስያሜ የሚሰጠው በካቢኔ ነው ተብሎ ወረደ። ካቢኔ ይወስን፤ አንቃወምም። ጥያቄው ለካቢኔው ቀርቦ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም፤ ሰሌዳው መጋዘን ነው፤ መጽሐፎቹ ግን ተወስደው ገቢ ሆነዋል።

አሁን ወደ ሰርኩላሩ። ትእዛዙን ያወጡ ሰዎች አንድ ስጋት እንዳላቸው ይገባናል፤ እኛም እንጋራዋለን። ዛሬ ክፍል ውስጥ ያለ፣ ማርክ የሚሰጥ መምህር ከተማሪ ወይም ከወላጅ ስጦታ እንዲቀበል መፍቀድ ችግር ያመጣል። ለዚህ ደንብ ቢወጣ ደግ ነው፤ በሥራ ላይ ያሉ ወንድምና እኅቶቻችን መምህራንም አይቃወሙትም። ጡረታ የወጣ መምህር ግን ማርክ አይሰጥም። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ለካባ ብሎ ለሃምሳ ስድስት ዓመት ሐኪም የሚጨምርለት ማርክ የለም። ሁለቱን በአንድ ትእዛዝ መጠቅለሉ ስጋቱን ሳይሆን ምስጋናውን ነው የሚያጠፋው።

ኮሚቴ ይምረጥ የሚለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበናል። አባቴን የመረጣቸው ማነው? አንድ ሕፃን ነው፤ የዛሬ አርባ ስድስት ዓመት፤ እንደሚመርጥም ሳያውቅ። ኮሚቴ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ኮሚቴ ሲመርጥ በማን አቅራቢነት፣ በየትኛው ዝምድና፣ በየትኛው ስብሰባ እንደሚሆን ሁላችንም የዚህ አገር ሰዎች ነንና እናውቃለን። እንደ በጎ ሰው ሽልማት ያለው አገር አቀፍ ዝግጅት እንኳ መምህርነትን ከዘርፎቹ አንዱ ሲያደርግ ጠቁሙ የሚለው ሕዝቡን ነው። የእኛ ወረዳ ከዚህ የጠበበ በር ለምን እንደሚያስፈልገው አልገባንም።

ሰርኩላሩ በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ የጽሕፈት ቤቱ የዓመቱ ክንውን ሪፖርትም ነበር። «ለአንጋፋ መምህራን እውቅና ተሰጥቷል» ይላል፤ ከጎኑ ያለው ፎቶ የአባቴ ነው። ካባውን ያለበሰው ሐኪም ተቆርጦ ወጥቷል፤ ተወካያችሁ ቀርተዋል። እኛ ፎቶውን አትጠቀሙ አንልም። እውቅና ሰጠን የምትሉትን ሰው በ1971 አላስተማሩም የምትሉት ግን በአንድ ሕንጻ ውስጥ፣ ከአንድ ኮሪደር ሁለት በሮች ሆናችሁ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብትመርጡ።

በየመድረኩ «መምህር እንደ ሻማ ነው፤ እሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» መባሉን እንድትተዉልንም እንለምናለን። በተወካያችሁ ንግግርም ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችን ደመወዝተኞች ነበሩ። ሲቀጠሩ ውል ነበራቸው፤ ከደመወዛቸው የጡረታ መዋጮ በየወሩ ተቆርጧል፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ሲቆረጥ ማስረጃ የለም ተብሎ አያውቅም።

አንዳንድ ሰው ምክር ሰጥቶን ነበር፤ ሐኪሙ ሰው አያጣም፣ በእሱ በኩል ከላይ ይደወል የሚል። አልፈለግንም። ሐኪሙም ቢጠየቅ እሺ ይል ነበር፤ አባቴ ግን «ተማሪዬን ለጉዳይ አልክም» አሉ። ደግሞስ ሐኪም ተማሪ የሌላቸው መምህራን ምን ይሁኑ? ከእኛ ጋር ከፈረሙት የሚበዙት ተማሪዎቻቸው ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ስደተኛ የሆኑባቸው ናቸው። የእነሱም አራት ዓመት አራት ዓመት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ በመሥሪያ ቤት አያያዝ ለጠፋባቸው ጡረተኛ መምህራን የተማሪ ካርድ፣ ሮስተር፣ ፔሮልና አብረው የሠሩ ባልደረቦች ምስክርነት ተሰብስቦ የሚታይበት አሠራር ይዘርጋ። አበሉን የሚያሰላው መሥሪያ ቤት የሚሠራው እናንተ በምትልኩለት ማስረጃ ነውና፣ የተገኘውን አጣርታችሁ የማስተካከያ ደብዳቤ ጻፉ። ማስተካከል አይቻልም ከተባለ ምክንያቱ ከነሕግ አንቀጹ በጽሑፍ ይሰጠን፤ በጽሑፍ የተሰጠንን ይዘን ወደሚመለከተው አካል እንሄዳለን። በቃል የተሰጠንን ይዘን የምንሄድበት የለም።

በመጋዘን ያሉት ጆንያዎች ክረምቱ ሳይበረታ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ይነሡ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የሰው ጉልበት ካነሰ እኛ ልጆቻቸው መጥተን እንሸከማለን፤ መለየቱንም በመዝገብ ቤቷ ኃላፊ መሪነት እናግዛለን። ብዙዎቻችን የአባቶቻችንን የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ እናውቀዋለን።

የሟቿ መምህርት የደረጃ ዕድገት ውዝፍ ለወራሾቻቸው ይከፈል፤ እንዲህ ያለ ውዝፍ ያልተከፈላቸው ሌሎችም ዝርዝራቸው ይውጣ።

ሰርኩላሩ በጡረተኞች ላይ እንደማይሠራ የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቶች ይላክ። ተማሪ መምህሩን ለማመስገን ሲመጣ ከርእሰ መምህሩ ጋር ቀን መነጋገሩ ይበቃል። ለጡረተኛ መምህራንም ካስተማሩበት ግቢ የሚያስገባ መታወቂያ ይሰጣቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ስያሜ ጥያቄ ለካቢኔ ይቅረብና ውሳኔው ይነገር።

መልሱን ከመስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በፊት እንጠብቃለን። ቀኑ በዓለም ዙሪያ የመምህራን ቀን የሚከበርበት ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም በየዓመቱ አዳራሽ ይዞ ያከብረዋል። ዘንድሮ አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚያ አዳራሽ መጥሪያ ቢደርሳቸው፣ ከመጥሪያው ጋር የዚህ ደብዳቤ መልስ እንዲያያዝልን እንፈልጋለን። መልሱ ካልደረሰን እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ የጥያቄና አስተያየት ሰዓት ሲሰጥ፣ ካርዶቹን ይዘን እጃችንን እናወጣለን።

ከሰላምታ ጋር

የወረዳው ጡረተኛና ሟች መምህራን ልጆችና የትዳር አጋሮች፤
ደብዳቤውን ያረቀቅሁት የሒሳብ መምህሩ ልጅ

ግልባጭ፦
ለዞኑ ትምህርት መምሪያ
ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው መምህራን ማኅበር
ለወረዳው ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን
ለመዝገብ ቤት (ከማኅደር ጋር እንዲያያዝ)